ቤት ወይስ የብር መሸሸጊያ?

ከሜሪላንድ ጠቅልሎ የመጣው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ወደ አራተኛ ፎቅ ስንወጣ ሦስተኛው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። ደላላው "አየሩ ልዩ ነው!" አለን። አየሩስ ልዩ ነው፤ ሊፍት ግን የለም። ደረጃው ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ኪራዩን ከመጠየቄ በፊት በሯን የምትጠርገውን ጎረቤት "እህቴ፣ ውኃ መቼ መቼ ነው የሚመጣው?" አልኳት። "ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት። ካልነቃችሁ ታች ያሉት ይጨርሱታል" አለች። ደላላው ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ዘመዴ መከራየት አይፈልግም፤ መግዛት ነው ያማረው። "ኪራይ የባከነ ገንዘብ ነው" ይላል። አሜሪካ ሳለ የሰማው ምክር ይሆናል፤ እዚህ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ለስሌት እንዲመች ለቡ አካባቢ 9 ሚሊዮን ብር የተጠራበት ቤት በወር 30 ሺህ ብር ይከራያል እንበል። የዓመት ኪራዩ 360 ሺህ ብር፣ ማለትም የዋጋው 4 በመቶ ነው። ያው 9 ሚሊዮን በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ 630 ሺህ ብር ያስገኛል። ተከራዩ ኪራዩን ከፍሎ 270 ሺህ ይተርፈዋል። ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? ብሩን ስለማያምነው ነዋ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 9 ሚሊዮኑን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ወለዱን እያገኘ ዋናው ሲሟሟ አየ።

አዲስ አበቤ ጥሪቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ጥቂት ነው። መሬቱም ቢሆን ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከወረሰው ወዲህ የመንግሥት ነው፤ ለመኖሪያ በሊዝ የሚሰጠው ለ99 ዓመት ነው። ስለዚህ የቤት ዋጋ ውስጥ ሁለት ነገር ተደምሯል፤ የመኖሪያው ዋጋና ገንዘብን ከብር መውደቅ የመሸሸጊያው ዋጋ። ኪራይ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ ጡረታው የሚገባለት በዶላር ነው። መሸሸጊያው በእጁ ነው ማለት ነው። ቤት ቢገዛ እኛ ጨንቆን የምንከፍለውን እሱ ሳይጨንቀው ሊከፍል ነው። ብር ሲወድቅ ደግሞ በብር የተዋዋለው ኪራይ በዶላር ሲታሰብ ይረክስለታል። ደመወዙ በብር ለሆነ ሰው ግን "አትግዛ፣ ተከራይ" የሚለውን ምክር አልሰጥም።

ዘመዴ ቤት የመግዛት መብት የለውም ማለቴ አይደለም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ቢጫ ካርዱን ይዞ ቤት መግዛት ይችላል። ለሌላው የውጭ ዜጋም በ2017 ዓ.ም. በሩ ተከፍቷል፤ መነሻው 150 ሺህ ዶላር ነው። ግን ገና ሰፈሩን ላልለመደ፣ ትራፊኩን ላልቀመሰ ሰው ምን አስቸኮለው? በተለይ ገና ጉድጓዱ እየተቆፈረ ላለ አፓርትመንት ቅድሚያ መክፈል ለእኔ ብድር መስጠት ነው፤ ያውም ያለ ወለድ።

ብሥራተ ገብርኤልና ኦልድ ኤርፖርት ያሉትን ቪላዎችም አየን። ግቢው ሰፊ፣ ሰርቪስ ቤት ያለው፣ ጥላው የሚያስቀና። ሰፈሩ ኤምባሲና የአፍሪካ ኅብረት ሠራተኛ ስለለመደ ደላላው ዋጋውን የሚጠራው በዶላር አስቦ ነው። ዘበኛውና አትክልተኛው ሲደመሩ ለአንድ ጡረተኛ አይሆንም፤ አለፍነው።

ተመልሰን ጀሞ ሌላ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚከራይ ቤት አገኘን። ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቀ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ እንደማይቻል፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንደሚጸና፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው በሚያወጣው ተመን ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። "ጋሼ፣ ሕጉን እኛም እናውቀዋለን" ብሎ ሳቀ። አከራይዋን ስናገኛቸው ግን በሁለት ወሩ ተስማሙ፤ ስድስት ወር የሚባለውን ጭራሽ አልሰሙም ነበር።

የአክስቴ ልጅ ሰኞ ገባ። ከአልጋ በፊት የገዛው በርሜል ነው።