ስልካችሁ ሲዘጋ ሥራችሁም ይዘጋል?

እስቲ አንዲት የአሶሳ ወጣት በምናባችሁ ሳሉ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ መሥራት ጀመረች። ቀርከሃውን የምትመርጠው እሷ፣ ከደንበኛ ጋር በዋጋ የምትከራከረው እሷ፣ ሒሳቡን የምትይዘውም እሷ ናት። ሦስት ሆነው ሲሠሩ ይሄ አያስቸግርም፤ እንዲያውም ሥራው የተነሳው በእሷ ጉልበት ነው።

ሠራተኞቹ 15 ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቫርኒሽ አለቀ፣ ይደወልላታል። ደንበኛ ቅናሽ ጠየቀ፣ ይደወልላታል። ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ የሄደች ቀን ኔትወርክ ከጠፋ ደግሞ 15 ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ልጅቷ ሰንፋ አይደለም። ድርጅቱ አድጓል፤ እሷ ግን ገና የሦስት ሰው አለቃ ናት። ብዙ ጀማሪ ድርጅት የሚንገዳገደው እዚህ ጋ ነው።

ይህን ደረጃ የተሻገሩ ሰዎች አገራችን ውስጥ አሉ። ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ስትጀምር አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ በአያቷ ግቢ ውስጥ ነበር። ሠራተኞቹ አምስት ነበሩ። ከአሮጌ ጎማ ጫማ መሥራት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ በረባሶን የማያውቅ የለም። ለጎረቤት የሚሸጥ ጫማ በዓይን ግምት ቢሠራም ያስኬዳል። ጫማው ባሕር ማዶ ሲሸጥ ግን ቁጥር 40 ሁልጊዜ ቁጥር 40 መሆን አለበት። በመሥራቿ ጭንቅላት ውስጥ ያለው የጥራት መለኪያ ወደ እያንዳንዱ ሠራተኛ እጅ መውረድ አለበት ማለት ነው።

የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ ደግሞ የሶፍትዌር ባለሙያ ናት። አገልግሎቱ የተጀመረው በአጭር የጽሑፍ መልዕክት ሲሆን በኋላ ወደ መተግበሪያ አደገ። ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው 8294 ላይ ደውሎ መኪና የሚጠራበት መንገድም ተጨመረ። ኮድ አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ቀን ከሌት ስልክ የሚያነሳ፣ የተናደደ ደንበኛን የሚያረጋጋ ቡድን ግን ሰው በማሠልጠንና በማመን ነው የሚገነባው።

የመጨረሻው ፈተና መልቀቅ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የመንግሥት ተቋም ቢሆንም ትምህርቱ ለሁላችንም ይሠራል። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን ተቋሙን አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ2008 ግብይት አስጀመሩ፤ በ2012 ከኃላፊነት ለቀቁ። ገበያው ግን ዛሬም ያገበያያል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰሊጥ አምራችና ነጋዴም ያውቀዋል።

ለአሶሳ ልጆች ጉዳዩ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይከብዳል። ቀርከሃው፣ ማንጎው፣ ሰሊጡ፣ ወርቁ አጠገባቸው ነው፤ ትልቁ ገበያ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በወለጋ በኩል የሚያልፈው መንገድ በፀጥታ ችግር የተስተጓጎለባቸው ጊዜያትም ነበሩ። የደረሰ ማንጎ መኪና ላይ ተጭኖ መንገድ ላይ ሲቆም አለቃዋ ስልክ እስክታነሳ አይጠብቅም፤ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቦታው ላይ ያለው ልጅ የመወሰን ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።

ከየት ይጀመር? ጥሩ ቀርከሃ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ቅናሽ እስከ ስንት እንደሚፈቀድ በወረቀት ጻፉ። ሠራተኛው ሳይደውል የሚያወጣውን የብር ጣሪያ ንገሩት። ሲሳሳት የሰጣችሁትን ሥልጣን ወዲያው አትቀሙት፤ ቁጭ ብላችሁ ስህተቱን አብራችሁ እዩት። አንዴ ከቀማችሁት ሁለተኛ አይወስንም።

ከዚያ ራሳችሁን ፈትኑ። መጀመሪያ ለአንድ ቀን፣ ቀጥሎ ለሦስት ቀን፣ በመጨረሻ ለአንድ ሳምንት ከሥራ ስልክ ራቁ። ስትመለሱ የተበላሸውን ቁጠሩ። እያንዳንዱ ብልሽት ገና ያላስተማራችሁት ወይም ያላካፈላችሁት ሥራ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የአሶሳ ማንጎም እንደዚያው ነው። የእናንተስ ሸክም ዛሬ ለስንት ሰው ተከፋፍሏል?