አባ ኮዳ፣ ግራርና ማቴንጌ

ሳውዝ ሲ ካለው ቤቴ ወደ ከተማ ስወጣ ሁልጊዜ የማያቸው ወፎች አሉ። ቁመታቸው የልጅ ያህላል፣ ራሳቸው መላጣ፣ አንገታቸው ሥር ከረጢት ተንጠልጥሏል። ኒያዮ ስታዲየም አካባቢ ባሉት ግራሮች ላይ ጎጆ ሠርተው ይኖራሉ። ሐዋሳን የምታውቁ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት የሚሻሙትን አባ ኮዳዎች አስታውሱ፤ እነሱው ናቸው። እዚህ ቆሻሻ ይለቅማሉ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሰሞን እጠየፋቸው ነበር።

ለቃሚ ግን ሥራ ፈት አይደለም። ዕፅዋት፣ እንስሳትና በዓይን የማይታዩት ነፍሳት ከአፈሩ፣ ከውኃውና ከአየሩ ጋር ተያይዘው የሚኖሩበትን ትስስር ሥርዓተ ምህዳር ይሉታል። ዛፉ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል፣ ፍየል ቅጠሉን ትበላለች፣ ጅብ ፍየሏን ይበላል፣ የተረፈውን ጥንብ አንሳና ትል ያጸዱታል። የእነዚህ ሁሉ ዓይነት መብዛት ደግሞ ብዝኀ ሕይወት ይባላል። አንዱ ሲጎድልስ? ሕንድ ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከጥንብ አንሳዎቹ አንዳንዱ ዝርያ ከ90 በመቶ በላይ አለቀ። ምክንያቱ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ የሞተውን ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ጥንቡን ውሾች ወረሱት፣ ውሾች በዙ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ መጣ። በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ታገደ።

ይህ ለካምፕ ሰው ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። ካኩማ ያላችሁ፣ ታራች ወንዝ ዳር የቆሙትን ግራሮች እዩ። ለእኛ ማገዶ ነው የሚመስለን። ለቱርካናው ግን በድርቅ ጊዜ፣ ሣር ሲጠፋ፣ ፍየሎቹን የሚያቆይለት የግራሩ ፍሬ ነው። በባህላቸው የወንዝ ዳር ዛፍ የቤተሰብ ይዞታ ነው፤ ኤክዋር ይሉታል። ጫካ ውስጥ ብቻውን የቆመ ዛፍ ባለቤት አለው ማለት ነው፤ አንዳንዱ ጠብ የሚነሳው ይህን ካለማወቅ ነው።

ማቴንጌ ግን ሌላ ነው። አፋር ውስጥ ፕሮሶፒስ የሚባለው፣ የግጦሽ መሬቱን የወረረው ያው ዛፍ ነው። ከአሜሪካ አህጉር መጣ፤ በረሃ ያለማል ተብሎ ተተከለ። ፍየል ጣፋጭ ፍሬውን ትበላና ዘሩን በበጠጧ እየዘራች ትሄዳለች። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በሥሩም ሣር እምብዛም አያበቅልም። ባሪንጎ ውስጥ ነዋሪዎች መንግሥትን ሲከሱ በዚሁ ፍሬ ጥርሷ ያለቀ ፍየል ፍርድ ቤት ይዘው ቀርበዋል፤ ያቺ ፍየል ከጠበቃ በላይ ተናገረች!

ስለዚህ እንጨት ወይም ከሰል ከቱርካና እናቶች ስትገዙ የምን ዛፍ እንደሆነ ጠይቁ። ዛፉን ራሳችሁ ለመለየት ፍሬውን ተመልከቱ፤ የወንዝ ዳሩ ግራር ፍሬ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ነው፣ የማቴንጌው ረዘም ያለና ሲበስል ቢጫ ነው። ማቴንጌ ከሆነ ሳትሳቀቁ ግዙ፤ ከሰሉም ጥሩ ነው።