ፈልጎ ማግኘትና አግኝቶ መጻፍ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶች ቃል ዕለት ዕለት ከመዝገብ ጋር የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ አሳምሮ ያውቀዋል። ዛሬ የምናነሣው ግን ከቢሮ ውጭ ስላለ መዝገብ ነው። ይኸውም ጂኦካሺንግ በሚባለው፣ የተሰወረ ሣጥን በመፈለግ ጨዋታ፣ ፈላጊው በኢንተርኔት ላይ የሚያሰፍረው ማስታወሻ እንዴት ያለ ሊሆን እንደሚገባው ነው።

አስቀድመን የጨዋታውን አመጣጥ እንመልከት። የአሜሪካ መንግሥት ከሳተላይት የሚመጣውን የአቅጣጫ ምልክት ለሲቪል ተጠቃሚዎች ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበር፣ መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሳሳት ነበር። ይህ ማዛባት ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ቀረ። በማግሥቱም ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሬጎን ግዛት፣ በቢቨርክሪክ አጠገብ ባለ ጫካ፣ ደብተርና እርሳስ የያዘ ባልዲ ሸሽጎ የስፍራውን ቁጥር በኢንተርኔት አስታወቀ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙትና ያዩትን ጻፉ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ለጨዋታው የተለየ ገጽ ሲከፈት የታወቁት ሣጥኖች 75 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። እንግዲህ ማስታወሻው ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ እንጂ በኋላ የተጨመረ አይደለም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ባለቤቱ ውኃ የማያስገባ ሣጥን ደብቆ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ያስታውቃል። ፈላጊው በስልኩ እየተመራ ይደርስበታል፤ በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ ሣጥኑን እንደ ነበረ ይመልሳል። ወደ ቤቱ ሲገባም «አገኘሁ» ወይም «አላገኘሁም» ብሎ በኢንተርኔት ይመዘግባል። ቃሉም ለባለቤቱ በኢሜይል ይደርሰዋል።

ብዙዎች ግን «አገኘሁ፣ አመሰግናለሁ» ብለው ብቻ ያልፋሉ። የዚህን ጉድለት በቅርብ በምናውቀው ምሳሌ እንግለጠው። በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስንቅ ይዞ ታራሚ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ሲመለስ፣ በእርጅና ምክንያት መሄድ ያልቻለች እናት ደጅ ደጁን እያየች ትጠብቀው ይሆናል። «ልጄን እንዴት አገኘኸው?» ስትለው «ደኅና ነው» ብቻ ቢላት ውሸት አልተናገረም፤ ነገር ግን ለእናቲቱ ምንም አላደረሰላትም። ከስቶ እንደ ሆነ፣ የላከችለትን ጋቢ ለብሶ እንደ ሆነ፣ ስለ ማን እንደ ጠየቀ፣ በምን እንደ ሣቀ ቢነግራት ግን ያላየችውን በእርሱ ዐይን ታየዋለች። የእናት ናፍቆት ከጨዋታ ጋር በክብደት የሚተካከል አይደለም። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ቃሉን የሚጠብቀው ሰው በስፍራው አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው አራት ነገሮችን ይጠንቀቅ።

አንደኛ፣ ለሌላ ስፍራ ሊሆን የማይችለውን ይጻፍ። «ጥሩ ቦታ ነው» የሚለው ቃል ለእንጦጦም ለሐዋሳም ይሆናል። «በባሕር ዛፉ መካከል ስንወጣ የሌሊቱ ዝናብ መንገዱን አጭቅይቶት ነበር፤ ሣጥኑ ደረቅ ነው፤ ወረቀቱ ግን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል» ቢል ግን ባለቤቱ መንገዱንም ያያል፣ ወረቀት መቀየር እንዳለበትም ያውቃል።

ሁለተኛ፣ እውነቱን ይጻፍ። «አላገኘሁም» ማለት ነውር አይደለም። ሦስት አራት ሰዎች ተከታትለው እንዲህ ቢጽፉ ባለቤቱ ሣጥኑ ጠፍቶ እንደ ሆነ ሄዶ ይመረምራል። በእፍረት ዝም ያለ ሰው ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን በከንቱ ያደክማል። ሳያገኙ አገኘሁ ብሎ መጻፍማ ፋይሉን ሳይገልጡ «ተመርምሯል» ብሎ እንደ መፈረም ነው።

ሦስተኛ፣ የሌላውን ደስታ አይቀማ። ሣጥኑ ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንደ ሆነ መናገርም ሆነ መደበቂያውን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ማውጣት ለሚቀጥለው ፈላጊ ምንም አያስቀርለትም።

አራተኛ፣ የሰውን ደኅንነትና ክብር ይጠብቅ። በ2003 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዌዘርቢ ከተማ፣ ከአንድ ካፌ ደጅ የተደበቀ ሣጥን ቦምብ መስሎ ስለ ታየ የፈንጂ ባለሙያዎች ተጠርተው አፈነዱት። በጥበቃ ሥር ባለ ስፍራ አጠገብ ሣጥን መደበቅም ሆነ መፈለግ ተገቢ አይደለም። የማረሚያ ቤትን አጥር እያየ፣ ስልክ በእጁ ይዞ ድንጋይ የሚያገላብጥ ሰው «ጨዋታ ነው» ቢል ዘበኛው በምን ያምነዋል? ቁጥሩ ወደዚያ የሚመራ ከሆነ ከሩቅ ተመልሶ፣ «ስፍራው ለፍለጋ የሚመች አይደለም» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ይህ ቃል ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ከጭንቅ ያድነዋል። በደጁ ስንቅ ይዘው የተሰለፉትን ሰዎች ፎቶግራፍ አንሥቶ ማውጣትም አይገባም፤ የመጡት ዘመድ ሊጠይቁ እንጂ ለእንግዳ ማስታወሻ ጌጥ ሊሆኑ አይደለምና።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ መልካም ማስታወሻ ረጅም መሆን የለበትም፤ በዕለቱ ከተጻፈ አራት መሥመር ይበቃዋል። ሣጥኑን የደበቀው ሰው ዋጋ አይከፈለውም፤ ለድካሙ የሚያገኘው የእርስዎን ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ብዕርዎን ሲያነሡ፣ ይህ በስፍራው ያልነበረ ሰው ዛሬ ማታ ጽሑፌን ሲያነብ ምን ያያል? ብለው ራስዎን ይጠይቁ። «ደኅና ነው» ከሚለው ቃል ያለፈ አንድ ነገር ካየ፣ ማስታወሻዎ ተግባሩን ፈጽሟል።