ጤፍ የበላች ሁሉ ብረት አላገኘችም

አዘውትራ የምትሮጥ ወይም ጂም የምትገባ ሴት «ድካሙ አልለቅ አለኝ» ብላ ስትመረመር በአብዛኛው የሚታይላት ሄሞግሎቢን ነው። በዴሲሊትር ከ12 ግራም በላይ ከሆነ «ደም ማነስ የለብሽም» ተብላ ትሸኛለች። መልሱ ስህተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ሰውነት ብረት ሲያጥረው አስቀድሞ የሚያወጣው ከጎተራው ነው፤ ሄሞግሎቢን የሚወርደው ጎተራው ከተራቆተ በኋላ ነው። የጎተራውን ልክ የሚናገረው ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ ወሰኑን በሊትር 15 ማይክሮግራም ላይ አስቀምጦታል፤ ብዙ የስፖርት ሐኪሞች ግን ከ30 በታች ሲያዩ ዝም አይሉም። ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ደም ማነስ የሌለባቸው፣ ክምችታቸው ግን የተመናመነ 42 ሴቶች ተሳትፈው ነበር። ለስድስት ሳምንት ብረት የወሰዱት በ15 ኪሎ ሜትር የብስክሌት ፈተና ካልወሰዱት የበለጠ ሰዓታቸውን አሻሽለዋል።

ብረቱ የት ይሄዳል? ትልቁ መውጫ የወር አበባ ነው፤ ለሴት በቀን 18፣ ለወንድ 8 ሚሊግራም የሚመከረውም ለዚህ ነው። በላብ፣ በአንጀት ጥቃቅን መድማት፣ እግር መሬት በመታ ቁጥር በሚፈነዱ ቀይ የደም ሕዋሳትም ጥቂት ጥቂት ይጠፋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የገባው መውጣቱ ሳይሆን የቀረበው አለመግባቱ ነው። ጠንካራ ልምምድ ካበቃ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን አብዝቶ ያመነጫል፤ እሱም ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳያልፍ ያግዳል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሩጫዋን የጨረሰች ሴት በ6 ሰዓት ምሳ ስትበላ በሩ የጠበበበት ሰዓት ላይ ናት።

ምሳው ራሱስ? ጤፍ በብረቱ ይመሰገናል፤ ሲለካም ብዙ ይገኝበታል። ግን ከዚያ ውስጥ ብዙው በአውድማ ሲበራይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት ደግሞ የአፈሩን ብረት እምብዛም አይወስደውም። የእህሉን የራሱን ብረትም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። እዚህ ላይ እርሾ ባለውለታ ነው፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ከምሳ በኋላ የሚመጣው ቡና ግን መልሶ ያበላሸዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ39፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሰዋል። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና አልጎዳም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ጎድቷል። ቡናን ከምሳ ማስቀደም በኛ ቤት ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ቢሆንም ከክኒን ይረክሳል።

በጾም ወቅት ከሥጋ የሚገኘውና በቀላሉ የሚመጠጠው ብረት ይቀራል። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ቃሪያና ቲማቲም ማከል በቫይታሚን ሲ ምክንያት በግልጽ ይረዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ የምትሠለጥን ከሆነ ግን ጉዳዩ ከብረት ያልፋል፤ ጠቅላላ ምግቡ ሲያንስ የወር አበባ ሊቋረጥ፣ አጥንትም ሊሳሳ ይችላል።

ክኒኑን ማብዛትም አያዋጣም። የዛሬው ክኒን ራሱ ሄፕሲዲንን ስለሚያስነሳ የነገው በከፊል ይባክናል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ብረት ባነሳቸው ሴቶች ላይ ቀን እያሳለፉ መውሰድ የተሻለ እንደሚመጠጥ አሳይተዋል። ሳይመረመሩ መዋጥ ደግሞ አደጋ አለው፤ ሰውነት የተረፈውን ብረት አያስወጣውም፣ በጉበት ይከማቻል። ፌሪቲንም በጉንፋን ወይም በከባድ ልምምድ ማግስት ከፍ ብሎ ሊያሳስት ስለሚችል፣ ደም መስጠት የሚሻለው ሕመም በሌለበትና ካረፉ በኋላ ነው።