ከወለል የሚወረስ ተቅማጥ

ኮክሲዲዮሲስ ሲባል ዶሮ አርቢው ቶሎ የሚያስበው ደም የተቀላቀለበትን ኩስ ነው። የአሳማ ግልገሎችን የሚጥለው ኮክሲዲያ ግን ደም አያሳይም። ከተወለዱ ከ5 እስከ 15 ቀን የሆናቸው፣ ደህና ሲጠቡ የቆዩ ግልገሎች መጀመሪያ ሊጥ የመሰለ፣ ኋላም ቢጫ ወይም ግራጫ ውሃማ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። መጥባታቸውን ባያቆሙም ፀጉራቸው ይቆማል፣ ሰውነታቸው ይከሳል፤ አንቲባዮቲክ ቢሰጣቸውም አይመለስላቸውም። መንስኤው ሲስቶአይሶስፖራ ሱዊስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ቢስተርና መሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካ ውስጥ ገልጸውት ነበር። የግልገል ተቅማጥ ዐቢይ መንስኤ መሆኑ በሰፊው የታወቀው ግን በ1970ዎቹ፣ አሳማዎች ዓመቱን ሙሉ ተራ እየተቀባበሉ በሚወልዱባቸው የተሞቁ ጋጣዎች ማርባት በተስፋፋበት ዘመን ነው። ይህ መገጣጠም አንድ ነገር ይጠቁማል፦ በሽታውን ለመረዳት ከግልገሉ አንጀት እኩል የተኛበትን ወለል መመርመር ያስፈልጋል።

የተውሳኩ የሕይወት ዑደት ይህንን ያጠናክራል። ከሰገራ ጋር የሚወጣው ኦኦሲስት የተባለው እንቁላል መሰል ቅንጣት እንደወጣ አይበክልም፤ ውጭ መብሰል አለበት። ለዚህም ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል። አርቢው ግልገሎቹ እንዳይበርዳቸው በመብራት የሚያሞቀው መኝታ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚሆን፣ ቅንጣቱ እዚያ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ሊበስል ይችላል። ግልገሉ ሲውጠው ተውሳኩ የትንሹን አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ሰብሮ ይገባል፤ ምግብ የሚመጥጡት ጣት መሰል ቅጥያዎችም ያጥራሉ። 5 ቀን ገደማ ሲያልፍ ያው ግልገል አዲስ ኦኦሲስት በብዛት መጣል ይጀምራል። ለሕፃኑ ሕይወት ሲባል የተዘጋጀው ሙቀት ጠላቱንም ያሳድጋል ማለት ነው።

አንዳንዶች ምንጩ እናቲቱ ናት ብለው ይከራከራሉ። ግልገሎቹ ከእርሷ ሌላ የቀረባቸው ስለሌለ ግምቱ ያሳምናል። ነገር ግን ችግሩ ባለባቸው እርባታዎች የእናት አሳማዎች ሰገራ ሲመረመር ይህ ዝርያ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ በትልልቅ አሳማዎች ላይ ይበልጥ የሚታየው ኢሜሪያ የተባለው ሌላ ወገን ነው። እንዲያውም በቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ከመውለዳቸው በፊት ኦኦሲስት የተሰጣቸው እናቶች በእንገራቸው ፀረ እንግዳ አካላት አስተላልፈው የልጆቻቸውን ሕመም አቅልለዋል። የተጠረጠረችው እናት ጠባቂ ሆና ተገኘች።

ሁለተኛው መከራከሪያ ጠንከር ያለ ነው፦ ቶልትራዙሪል የተባለ መድኃኒት እያለ ስለ ወለል ምን አስጨነቀን? በርግጥ በሕይወት ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ በኪሎ 20 ሚሊግራም አንዴ በአፍ ሲሰጥ ብዙ እርባታዎችን ታድጓል። ግን የሚሠራው ቀድሞ ሲደርስ ነው፤ ተቅማጡ ከታየ በኋላ አንጀቱ አስቀድሞ ስለተጎዳ ጥቅሙ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ መድኃኒቱን የተቋቋመ የተውሳክ ዝርያ ኔዘርላንድስ ውስጥ ተገኝቷል። ብቸኛ አጥር የሆነ መድኃኒት ሲሰበር ከኋላው የሚጠብቅ የለም።

የሚሞቱት ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህ ጉዳዩ ቀላል ነው የሚሉም አሉ። የሞት መጠኑ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ኪሳራው የሚቆጠረው ጡት በሚጥሉበት ቀን ሚዛን ላይ ነው። የአንድ ወሊድ ግልገሎች እኩል ተወልደው እኩል አያድጉም። የተጎዳው አንጀት ለባክቴሪያም በር ይከፍታል፤ በሙከራ ተውሳኩ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ከተባለው ባክቴሪያ ጋር ሲጣመር ሕመሙ ብሷል።

ታዲያ በሽታው ንጹሕ በሚመስሉ እርባታዎችም ለምን ይገኛል? ኦኦሲስት የተለመዱትን ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ስለሚቋቋም ነው፤ ያበራ ወለል ሁሉ የጸዳ አይደለም። ሰገራውን ጠርጎ፣ በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት አጥቦ፣ ክሬሶል ባለው ኬሚካል አክሞ፣ አድርቆ ማሳደር ያስፈልጋል፤ መጥረጊያና ቦት ጫማም ከጋጣ ጋጣ መዞር የለባቸውም። ምርመራውም ትዕግሥት ይጠይቃል። ተቅማጡ ኦኦሲስት ከመታየቱ ሊቀድም ስለሚችል የአንድ ቀን ናሙና ነጻ መሆንን አያረጋግጥም፤ ከበርካታ ጋጣዎች በተለያዩ ቀናት መውሰድ ይገባል። አርቢዎች የተቅማጥ መዝገብ የሚይዙት በእናቲቱ ቁጥር ብቻ ከሆነ በጋጣው ቁጥርም ይያዙት። እናቶች ተለዋውጠው ተቅማጡ በዚያው ጋጣ ከተመላለሰ፣ መልሱ ከመዝገቡ ላይ ይነበባል።