ፖሊመር የተጨመረበት ሬንጅ ለአስፋልት መንገድ የሚሰጠው ጥቅም

አስፋልት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጥቁሩን ሬንጅ ብቻ ነው። ነገር ግን በክብደት ከመቶው እጅ 95 ያህሉ ጠጠርና አሸዋ ሲሆን፥ ሬንጁ 5 እጅ ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ድንጋዩን አጣብቆ የሚይዘው ይኸው ጥቂቱ ስለ ሆነ የመንገዱ ዕድሜ በአብዛኛው በእርሱ ጠባይ ይወሰናል።

ሬንጅ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲበርድ ደርቆ ይሰነጠቃል። ተራው ሬንጅ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚለሰልስ ሲሆን፥ በቆላ አገር የመንገዱ ፊት በቀትር ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከምጽዋ ወደ አሥመራ የሚወጣው መንገድ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። በ115 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፥ ከታች የቆላውን ትኩሳት፥ ከላይ የደጋውን ብርድ ይቀበላል። ዳገቱም ጭነት የያዘውን ካሚዮን እያዘገመ እንዲሄድ ያስገድደዋል። እያዘገመ የሚያልፍ ጭነት የለሰለሰውን ሬንጅ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚጫነው፥ በጎማው መሄጃ ላይ ቦይ የመሰለ ስርጉድ ያወጣል፤ በክረምትም ውሃ የሚቋጥረው ይኸው ነው።

ፖሊመር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ዓይነት ኤስ ቢ ኤስ ይባላል፤ የጎማ ወገን ነው። እያንዳንዱ ደቂቅ ክር መካከሉ እንደ ጎማ የሚሳብ፥ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ጠንካራ ናቸው። ጫፎቹ በሬንጁ ውስጥ እርስ በርሳቸው ተያይዘው መረብ ስለሚሠሩ፥ ሬንጁ ጭነቱ ሲነሣለት ወደ ቦታው ለመመለስ ይችላል። ለዚህም ከሬንጁ ክብደት ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ ይበቃል።

መሠረቱ ለረጠበ፥ የውሃ መውረጃው ለተደፈነ መንገድ ግን ፖሊመር መድኃኒት አይሆንም። ዋጋውም ከተራው ሬንጅ ከፍ ያለ ነው፤ አያያዙም ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚቀላቀለው በ180 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፥ ከልክ በላይ ቢሞቅ ክሩ ይበጣጠሳል። በማጠራቀሚያ ውስጥ ሳይማሰል ቢቆይም ፖሊመሩ ተለይቶ ወደ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። ይህን ሁሉ ዓይን አይለየውም፤ ቀለሙ ያው ጥቁር ነውና። ስለዚህ ሬንጁን የሚረከበው ሹም ከመፈረሙ በፊት ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይገባዋል። በዚያም ሬንጁ በቱቦ ተሞልቶ በ163 ዲግሪ 48 ሰዓት ከቆየ በኋላ፥ የላይኛውና የታችኛው ክፍል የሚለሰልሱበት ሙቀት ይመዛዘናል፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ፖሊመሩ ተለይቷል ማለት ነው።