ባለ ሁለት በሯ መኪና በበረዶ አገር

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ የእህቴ ልጅ ስልኩን ከስኒዎቹ መሀል አስቀመጠ። ፎቶው ላይ ዝቅ ያለች ጥቁር ባለ ሁለት በር (ኩፔ) ቢኤምደብሊው አለች፤ የ2011 ሞዴል፣ 328 ኤክስድራይቭ። «ጋሼ፣ ዋጋዋ ወርዷል። ደግሞ ፎር ዊል ነች፤ በረዶ አትፈራም» አለኝ። የምንኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ በጃንዋሪ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የሚገረም ሰው የለም።

አትግዛ አላልኩትም። ሌሊት እየሠራ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ቆንጆ መኪና ቢያምረው ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም። «በረዶ አትፈራም» ያለው ግን አስደነገጠኝ። ይህንን አምነው እየበረሩ ከመንገድ የወጡ ስንቶችን አይቻለሁ።

በረዶ ላይ መኪና ሦስት ሥራ አለባት፦ መነሳት፣ መታጠፍ፣ መቆም። ፎር ዊል በዋናነት የሚያግዘው የመጀመሪያውን ነው። የሞተሩ ጉልበት ለአራቱም እግር ስለሚከፋፈል አንዱ ቢንሸራተት ሌላው ይገፋል። በኋላ እግር ብቻ የምትነዳዋ ኩፔ ግን የሞተሩ ክብደት ፊት ላይ፣ ጉልበቱ ኋላ ላይ ስለሆነ ቀላል ዳገት ላይ ቆማ ጎማዋን ታሽከረክራለች። የአገሩ ሰዎች ለዚህ ነው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት የሚጭኑት። ፍሬን ሲያዝ ግን ፎር ዊል የሚጨምረው ነገር የለም፤ ፍሬን የሁሉም መኪና አራት እግር ላይ አለና።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ ደረቅ አስፋልት ላይ 12 ሜትር ገደማ ሄዳ ትቆማለች። የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 50 ሜትር ያህል፣ መስታወት በመሰለው ግግር ላይ ደግሞ ወደ 100 ሜትር ልትንሸራተት ትችላለች። ፎር ዊሏ የቢኤምደብሊው ኤክስድራይቭ ይሁን የአውዲ ኳትሮ፣ ይህ ርቀት አያጥርላትም። የሚያሳጥረው ጎማ ነው።

ከጋራዥ አንድ አሮጌ ጎማ አምጥቼ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አስተኛሁት። የጎማ ላስቲክ እንደ ቅቤ ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። የስፖርት ፓኬጅ ያላቸው ኩፔዎች ብዙ ጊዜ የሚመጡበት የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ መጠንከር ይጀምራል። ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ብርድማ እንደ ፕላስቲክ ነው፤ አስፋልቱን መቆንጠጥ ያቅተዋል። የዊንተር ጎማ ላስቲክ በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ የተቀመመ ነው። ፊቱ ላይ ደግሞ በምላጭ የተበጡ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። በረዶው በእነዚህና በትልልቆቹ ቦዮች ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ የተጠቀጠቀው በረዶ መንገዱ ላይ ያለውን ይይዘዋል። ልጆች የበረዶ ኳስ ሲያድበለብሉ በረዶ በረዶን እንዴት እንደሚይዝ አይታችሁ ይሆናል፤ ነገሩ ያው ነው። እውነተኛውን የዊንተር ጎማ የምትለዩት ጎኑ ላይ ባለ ምልክት ነው፦ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት።

ከዚያ ለእህቴ ልጅ የ25 ሳንቲሟን ኳርተር ሰጠሁትና የዋሽንግተንን ራስ ቁልቁል አድርጎ ቦዩ ውስጥ እንዲከታት ነገርኩት። የራሱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ይታያል። እንዲህ ከሆነ የቀረው ጥልቀት ከ4/32 ኢንች በታች ነው፤ ለበረዶ የሚመከረው ቢያንስ 6/32 ነው። ጎኑ ላይ ደግሞ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የጎማው የልደት ቀን ናቸው። 3519 ካለ በ2019 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥልቀቱ ደህና ሆኖ ዕድሜው የጠገበ ጎማ ብዙ ነው፤ ሻጭ ደግሞ ይህንን አይነግራችሁም።

ፎር ዊል ሌላም ጣጣ አለው። አራቱ ጎማዎች እኩል ያረጁ መሆን አለባቸው። አንዱ አዲስ፣ ሦስቱ ያለቁ ከሆነ የሚዞሩበት ፍጥነት ይለያያል፤ ጉልበቱን የሚያከፋፍለው ክፍል ልዩነቱን ለማስታረቅ ሲታገል ይግላል፣ በኋላም ይበላሻል። ስለዚህ ስትሞክሯት ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ መሪውን እስከ ጫፍ አዙራችሁ በዝግታ ክብ ሂዱ። ከተንቀጠቀጠች ወይም ከተጎተተች ጠርጥሩ።

አገር ቤት አሮጌ መኪና ስንገዛ ኮፈኑን ከፍተን ሞተሩን እናዳምጣለን፣ ላሜራውን በጣት መታ መታ አድርገን ስቱኮ እንፈልጋለን። እዚህም ያስፈልጋል፤ ዋናው ጉድ ያለው ግን ከሥር ነው። መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ውሃ የሚረጋበትን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል፤ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ይዳከማል። የጨው ውሃ ብረት ላይ ሲቀመጥ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ጨው የጠጣች መኪና ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ስታድር ከውጭ ካደረችው ይልቅ በፍጥነት ትዝጋለች፤ በረዶው ይቀልጣል፣ ሙቀቱም ያግዘዋል። መኪናዋን ሊፍት ላይ አስወጥታችሁ የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ፣ ሻንሲው የሚገጣጠምበትን እዩ። ከሥር ትኩስ ጥቁር ቀለም ከተረጨባት ምን እንደሸፈነ ጠይቁ። የመኪናዋን ታሪክ የሚዘግበው ካርፋክስ የትኞቹ ስቴቶች ውስጥ እንደኖረች ያሳያል። ከአሪዞና የመጣች ሥሯ ደረቅ ነው፤ ላስቲኮቿን ግን ፀሐይ ሊበላቸው ይችላል።

የኩፔ የራሷ የሆነ ችግር በሩ ላይ አለ። የብዙዎቹ መስታወት ዙሪያውን ፍሬም የለውም። እጀታውን ስትስቡ መስታወቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይልና ከላስቲኩ ይላቀቃል፤ ሲዘጋ ተመልሶ ይገባል። ዝናብ ጥሎ ሌሊቱን ሲረጋ መስታወቱ ከላስቲኩ ጋር ይጣበቃል፣ ዝቅ ማለትም ያቅተዋል። ከዓመታት በፊት እኔም እንዲህ ዓይነት መኪና ነበረኝ። ጠዋት ለሥራ ቸኩዬ በጉልበት ሳብኩት፤ ላስቲኩ ተቀደደ፣ በሩም አልዘጋ አለ። ዕለቱን ሥራ ቀረሁ። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ላስቲኩን ሲሊኮን መቀባት ይህንን ያስቀራል። የፈላ ውሃ ግን በፍጹም አትድፉበት፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ባትሪውንም አስመርምሩ፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ጉልበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ሞተሩ ደግሞ ዘይቱ ስለሚወፍር የባሰ ይከብደዋል። እንዲህ ባለችው ቢኤምደብሊው ባትሪው ያለው ኋላ ነው፤ ሲቀየር ለመኪናዋ ኮምፒውተር መመዝገብ አለበት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለዚህ አገር ፎር ዊል የሆነች፣ ሰፊ የስፖርት ጎማ የሌላት ኩፔ እመርጣለሁ። ሰፊ ጎማ በረዶው ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠበብ ያለው ቆርጦ ወደ መሬት ይወርዳል። ከ2009 ጀምሮ የወጣችው ኢንፊኒቲ ጂ37 ኤክስ፣ ኳትሮ የሆነችው አውዲ ኤ5፣ ይህቺም ኤክስድራይቭ ይሆናሉ። ምርጫው ግን በኋላ እግር የምትነዳ አራት አዲስ የዊንተር ጎማ ያላት እና ፎር ዊል ሆና ጎማዋ ያለቀ ከሆነ፣ ልጄን የማስቀምጠው የመጀመሪያዋ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የአራት ጎማ ገንዘብ ከበጀታችሁ ለብቻ አስቀምጡ።

ቅዳሜ አብረን መካኒክ ጋ ሄድን። ሥሯ ንጹሕ ነው፣ ቱቦዎቹም ደህና ናቸው። ጎማዎቹ ላይ የተጻፈው ግን 2313 ነው። የእህቴ ልጅ ቁጥሩን ለሻጩ አሳይቶ ከዋጋው የአራት ጎማ ገንዘብ አስቀነሰና ገዛት። ዊንተሮቹ ማክሰኞ ይገጠማሉ፤ እስከዚያ ሥራ የሚሄደው በአውቶቡስ ነው።